የቮልስ መስታወት ማንሻ ጠጥሯል፤ ማሽኑ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

የአባቴ ቮልስ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የወረስኩት የ1967 ሞዴል ቮልስ አለኝ። ሞተሩ ደህና ነው፣ ቀለሙም ገና ያምራል። ያስቸገረኝ የሾፌሩ በር መስታወት ነው። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ በዚህ ውርጭ፣ እጀታውን ለማዞር ጉልበት ይፈልጋል። ፀሐይ ሲወጣ ትንሽ ይለሰልሳል። ሲዘጋ ደግሞ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ያጋድልና ይቆማል፣ በሌላ እጄ መስታወቱን ከላይ ይዤ ካልሳብኩት አይጨርስም። የተሳፋሪው በር ሌላ ነው፤ እጀታው ይዞራል፣ መስታወቱ ግን አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ ንቅንቅ አይልም።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። በሩን እንኳን ሳይፈታ "ሁለቱም ማሽን ሞቷል፣ አውጥተን ኤሌክትሪክ እንግጠምልህ" አለኝ። አልተዋጠልኝም። መኪናው እንደተሠራ እንዲቆይ ነው የምፈልገው።

በቅርቡ ሸዋ ሮቢት መውረድ አለብኝ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጣርማበር ዋሻ ስትገባ መስታወት ካልዘጋህ የከባድ መኪና ጭስ ስትውጥ ነው የምትወጣው፣ ሮቢት ስትደርስ ደግሞ ካልከፈትክ ሙቀቱ አያስቀምጥህም። ከየት ልጀምር?

አሮጌ ብረት (ደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ አባትህ ያቆዩትን መኪና እንዳለ ለማቆየት ማሰብህ ደስ ይላል። ማሽኑ ላይ ግን ሳታየው አትፍረድ።

መስታወት ሲጠጥር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የቦዩ ነው። መስታወቱ ከፊትና ከኋላ ባሉ ሁለት ቀጫጭን ቦዮች መሀል ነው የሚንሸራተተው። ቦዮቹ ውስጥ ፌልት የሚባል ለስላሳ ጨርቅ አለ። ያ ጨርቅ ከሃምሳ ዓመት በላይ አቧራና ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ያብጣል፣ ይደርቃል፣ መስታወቱን አንቆ ይይዛል። አንተ ደግሞ እጀታውን ትታገላለህ። የምትታገልበት ጉልበት የት ይሄዳል? ማሽኑ ጥርስ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ቦዩን ሳታስተካክል አዲስ ማሽን ብትገጥም እሱም በተራው ያልቃል። ኤሌክትሪክ ብትገጥም ደግሞ ሞተሩ ይቃጠላል።

ያንተ መስታወት ጠዋት ጠጥሮ ቀን መለሳለሱም ወደዚያው ነው የሚጠቁመው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ፌልቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ይረጋል፣ ማሽኑ ላይ ያለው አሮጌ ግራሶም ይወፍራል። ፀሐይ ሲነካው ይለቃል። የጥርስ ችግር ቢሆን ፀሐይ አያሽለውም ነበር።

ወደ ኋላ ማጋደሉም የቦይ ምልክት ነው። የኋላው ቦይ ይይዘዋል፣ የፊቱ ይለቀዋል፣ መስታወቱ ይጣመማል።

ፈተናው ቀላል ነው። የበሩን ታፒሴሪ (የውስጥ ሽፋኑን) ፍታ። መስታወቱን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ብሎኖች አውጣ፣ 10 ቁልፍ ነው የሚይዛቸው። ከዚያ መስታወቱን በእጅህ ብቻ ከፍና ዝቅ አድርገው። ቀጥሎ ማሽኑን ያለ መስታወት በእጀታው አዙረው። የጠጠረው የትኛው እንደሆነ ያኔ ታውቃለህ። ከዚያ በፊት ምንም ዕቃ አትግዛ።

የአባቴ ቮልስ (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። እንደዚህ አስቤው አላውቅም። እጀታው ግን እንዴት ነው የሚወጣው? ቪቴ ፈልጌ አጣሁ። በጉልበት ስቤ እንዳልሰብረው ፈራሁ።

አሮጌ ብረት (ደብረ ሲና)

አትሳበው። ኋላ የመጡት ቮልሶች ላይ እጀታው ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን ስታነሳ ቪቴው ከሥሯ ይታያል። ያንተ ከዚያ የቀደመ ነው፣ በፒን ነው የተያዘው። እጀታው ሥር ያለችውን ክብ ሽፋን ወደ ታፒሴሪው ጫን ስትላት ፒኑ ይታይሃል። በቀጭን ብረት ቀስ አድርገህ መታ መታ አድርገው፣ በሌላ በኩል ይወጣል። ስትመታ እጀታውን ከሥር በእንጨት ደግፈው፣ አለበለዚያ ምቱ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ከታፒሴሪው ጀርባ ትንሽ ሞላ ልታገኝ ትችላለህ፣ እንዳትጠፋብህ።

ታፒሴሪው ዙሪያውን በክሊፕ ነው የተያዘው። ካቻቢቴህን ክሊፑ አጠገብ አስገብተህ አንድ በአንድ አላቅቅ። ማዕዘኑን ይዘህ ከጎተትክ አሮጌ ፋይዚት (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ስለሆነ ይቀደዳል፣ የክሊፑ ቀዳዳ ከተቀደደ ደግሞ መልሶ አይይዝም።

አለም ከተማ (ዲኤክስ)

ይቅርታ መሀል ልግባ። እኔ የያዝኩት ቮልስ ሳይሆን ኮሮላ ዲኤክስ ነው፣ እጀታው ላይ ፒንም ቪቴም የለም። እሱስ እንዴት ነው የሚፈታው? ባለቤቴ በካቻቢቴ ሊፈለቅቀው ሲል አስቆምኩት።

ቶርኖ ቤት (ደብረ ብርሃን)

እህቴ ጥሩ አድርገሻል ያስቆምሽው። የቶዮታው እጀታ ከጀርባው የፈረስ ጫማ ቅርጽ ባላት የሽቦ ክሊፕ ነው የተያዘው። ንጹሕ ጨርቅ ውሰጂ። በእጀታውና ከሥሩ ባለችው የፕላስቲክ ሮንደላ መሀል አስገቢው። ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ሊስትሮ ጫማ ሲወለውል እንደሚያደርገው ወዲያና ወዲህ ሳቢው። ጨርቁ የክሊፗን ጫፍ ይይዝና ያወጣታል። ተፈናጥራ ነው የምትወጣው፣ ስለዚህ በሌላ ጨርቅ ከልለሽ ያዢያት፣ ምንጣፍ ሥር ከገባች ቀኑን ሙሉ ስትፈልጊ ትውያለሽ። ስትመልሺ ክሊፗን መጀመሪያ እጀታው ላይ አስገቢ፣ ከዚያ እጀታውን ዘንጉ ላይ በመዳፍሽ ግፊው። ቀጭ ሲል ይዟል።

መንዝ መንገድ

የእኔም ፔጆ እንዲሁ ጠጥሮ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። የኩሽኔታ ግራሶ በጣቴ ቦዩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ቀባሁት፣ ወዲያው ለሰለሰ። ይሄን ሁሉ መፍታት ምን ያደርጋል?

አሮጌ ብረት (ደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ ለጊዜው እንደሚለሰልስ አምናለሁ። ግን የምትነዳው የመሐል ሜዳን መንገድ ነው። ግራሶ አቧራ ይይዛል፣ የያዘውን አቧራ አይለቅም፣ ከጊዜ በኋላ ቦዩ ውስጥ የሚቀረው እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ነገር ነው። መስታወቱ ላይ ቁልቁል የተጫሩ መስመሮች ሲታዩህ ምክንያቱ ይሄ ነው። ጭረቱ ደግሞ አይጠፋም። ከዚያ ሌላ ዘይትና ግራሶ ጎማና ማጣበቂያ ያበላሻል።

ግራሶ ለብረት ነው። ለጥርስ፣ ለሞላ፣ ለዘንግ። ለፌልትና ለጎማ የሚረጭ ሲሊኮን ነው የሚያስፈልገው፣ ሲደርቅ አቧራ የማይስበውን። እባክህ ሳይውል ሳያድር ግራሶውን በሳሙናና በሞቀ ውሃ አጥበህ አውጣው።

መንዝ መንገድ

እሺ ጋሼ፣ ይገባል። የሚረጨው ሲሊኮን ከጠፋ ምን ልጠቀም?

አሮጌ ብረት (ደብረ ሲና)

ካጣህ ምንም አትቀባ። የጸዳ ደረቅ ፌልት ከቆሸሸና ከተቀባ ይሻላል። ደረቅ ሻማም ይሠራል፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ አሸት አሸት ታደርገዋለህ።

የአባቴ ቮልስ (ደብረ ብርሃን)

ሁለቱንም በር ፈታኋቸው። የሾፌሩ በር ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው። ማሽኑ ብቻውን ሲዞር ምንም አይልም። መስታወቱ ግን በሁለት እጅ ገፍቼው እንኳን የኋላው ቦይ ጋ ይያዛል። ፌልቱ ተላቆ ተጣጥፎ ከታች ተከምሯል። የበሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ አፈር ሞልቷል፣ እርጥብ ነው።

የተሳፋሪው መስታወት በእጅ ሲገፋ ለስላሳ ነው። ማሽኑ ነው የሚስተው። ዘንጉ ከእጀታው ጋር ይዞራል፣ ውስጡ ግን ቀጭ ቀጭ ይልና ያመልጣል።

አሮጌ ብረት (ደብረ ሲና)

በጣም ጥሩ። አንዱ በር የቦይ ችግር፣ ሌላው የማሽን ችግር ነው። የሾፌሩን በር ማሽን አትንካው፣ አጥበህ ግራሶ ብቻ ቀባው።

ከቦዩ በፊት አፈሩን አውጣ። በሩ ከታች ጠርዙ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉት። ክረምት ላይ በመስታወቱ ጎን የሚገባው ዝናብ በዚያ ነው የሚፈሰው። ሲደፈኑ ውሃው ይቆማል፣ በሩ ከታች ይዝጋል፣ እርጥበቱም ወደ ፌልቱ ይወጣል። በሽቦ ክፈታቸው፣ ውሃ ጨምረህ በደንብ መውጣቱን አረጋግጥ። ዝገት ካለ ፋቀው፣ ፀረ ዝገት ቀባው፣ ይድረቅ። ባቱላሜራ (ቦዲ ጠጋኝ) ጋ የሚወስድህ ነገር የሚጀምረው ከነዚህ ቀዳዳዎች ነው።

አሁን ፌልቱ። የተላቀቀውን አሮጌ ፌልት መልሰህ ልለጥፈው አትበል፣ ጊዜው አልፏል። አውጥተህ ቦዩን በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ። አዲስ ስትገዛ የመስታወትህን ውፍረት ለክተህ ሂድ። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ በሜትር የሚቆረጥ አለ። ቁራጭ አሮጌ ፌልትና ከተቻለ የቦዩን ስፋት የሚያሳይ ካርቶን ይዘህ ሂድና አስተያይ። የሚወፍር ከገዛህ መስታወቱ እንደገና ይጠጥራል፣ የሚቀጥን ከገዛህ ደግሞ ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ጆሮ ያደነቁራል። በእጅህ መስታወቱን ስትገፋው ሳትታገል የሚሄድ፣ ስትለቀው ግን ዘጭ ብሎ የማይወርድ፣ ልኩ ያ ነው።

ቶርኖ ቤት (ደብረ ብርሃን)

የተሳፋሪውን ማሽን በተመለከተ እኔ ልርዳ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ቮልሶች ማሽን እንደ ቶዮታው መቀስ (በተጠላለፉ ክንዶች የሚያነሳ) አይደለም። አንድ የብረት ቱቦ አለ፣ ውስጡ ጥብቅ ብሎ የተጠማዘዘ ወፍራም ሽቦ ይሄዳል። እጀታውን ስታዞር ትንሹ ጥርስ የሽቦውን ጥምዝ እየነከሰ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋዋል፣ ሽቦው ደግሞ መስታወቱን የተሸከመውን ቁራጭ ይዞ ይሄዳል። ቀጭ ቀጭ ብሎ ካመለጠ ጥርሱና ሽቦው አልተነካከሱም ማለት ነው። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ጥርሱ አልቋል፣ ወይ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ተጨፍልቋል፣ ወይ የጥርሱን ቤት የያዘው ሪቬት (ተቀጥቅጦ የሚይዝ ሚስማር) ላልቶ ጥርሱ ከሽቦው ሸሽቷል። ሦስተኛው ከሆነ ዕድለኛ ነህ፣ ምንም ዕቃ አትገዛም።

ለማውጣት መጀመሪያ መስታወቱን ወደ ላይ አውጣና በእንጨት ሽብልቅ አስረው። ከላይ በፍሬሙ ዙሪያ በሰፊ ፕላስተር ብታጣብቀውም ጥሩ ነው። የጎን መስታወት ጠርዙ ከተመታ ሙሉ በሙሉ ነው የሚረግፈው፣ ስለዚህ ብረት አታስነካው። ከዚያ የማሽኑን ብሎኖች ፍታ። ከመፍታትህ በፊት ብሎኖቹ የነበሩበትን ቦታ በእርሳስ ዙሪያውን አስምር። ማሽኑ ከታች ባለው ቀዳዳ ተጠማዞ ይወጣል። ግራና ቀኙ አይለዋወጥም፣ አታቀላቅል።

ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፈው። አሮጌው ግራሶ ጠንክሮ ጥርሱን ስለሚሸፍነው ካልታጠበ ምኑም አይታይህም። ከታጠበ በኋላ ፎቶ ላክልን።

ፈጣን ዋየር (ሸዋ ሮቢት)

እኔ ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ በሌላ በኩል ልናገር። ኤሌክትሪክ መስታወት መጥፎ ነገር አይደለም። እዚህ ሮቢት ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ሾፌሩ ሳይጎነበስ የተሳፋሪውን መስታወት ማውረድ ሲችል ትልቅ እፎይታ ነው። ለብዙ መኪና ገጥሜያለሁ፣ ባለቤቶቹ ደስተኞች ናቸው። ሽቦው በፊውዝና በሪሌ በትክክል ከተሠራ ዕድሜውም ረጅም ነው።

አሮጌ ብረት (ደብረ ሲና)

ሙያህን አከብራለሁ። በየቀኑ ለሚሠራ መኪና ያልከው ልክ ነው። ለዚህ ቮልስ ግን ሁለት ነገር አለ። በ67 ወደ አሜሪካ የሚላኩት ወደ 12 ቮልት ሲቀየሩ ለሌላ አገር የተሠሩት ብዙዎቹ 6 ቮልት ነበሩ። ስለዚህ የልጁ መኪና 6 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ያ ከሆነ የ12 ቮልት ሞተር አይሠራለትም። ሁለተኛ፣ በሩ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት አለብህ። የተበሳ በር ደግሞ ወደነበረበት አይመለስም። ማሽኑ ሊጠገን እየቻለ ለምን ይበሳል? ይሄን እንደ ማሽን ሰው ብቻ አይደለም የምለው። እንዲህ ያለ መኪና በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፣ የቀረው ደግሞ የራሱን ዕቃ እንደያዘ ቢቀር እወዳለሁ።

ፈጣን ዋየር (ሸዋ ሮቢት)

የ6 ቮልቱ ነገር ልክ ነው። ባትሪውን አይቶ ይንገረን። ቀዳዳውን በተመለከተም እስማማለሁ፣ ለዚህ መኪና እኔም አልበሳም።

የአባቴ ቮልስ (ደብረ ብርሃን)

ባትሪው 6 ቮልት ነው! ስለዚህ ጨዋታው አበቃ።

ማሽኑን አጥቤ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሦስተኛው ነው። የጥርሱ ቤት ክዳን ሪቬቶቹ ላልተዋል፣ ክዳኑን በጣቴ ስጫነው ጥርሱ ሽቦውን ይይዛል፣ ስለቀው ይሸሻል። ጥርሱ ትንሽ ቢያልቅም ደህና ነው ተብያለሁ።

ቶርኖ ቤት (ደብረ ብርሃን)

ለሌሎችም እንዲጠቅም የሠራነውን ልጻፍ። አሮጌዎቹን ሪቬቶች መቀጥቀጥ ይቻል ነበር፣ ግን ቀዳዳቸው ሰፍቶ ስለነበር ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ጭንቅላታቸውን በመብሻ አውጥተን በትንንሽ ብሎንና ራሱን በሚቆልፍ ዳዶ ተካናቸው። የብሎኑ ጭንቅላት ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ የተነሳ ከሆነ መስታወቱ ሲወርድ ይነካዋል። ጥርሱ ከሽቦው ጋር በደንብ እንዲነካከስ ክዳኑ ሥር የነበረችውን ክፍተት አየን። ከነበሩት ቀጫጭን ሮንደላዎች አንዷን ብቻ አስቀርተን ሌላውን አነሣን። በጣም ካጠበቅከው ይጠጥራል፣ ስለዚህ እያጠበቅን እያዞርን ነው ያገኘነው።

ሽቦው በናፍጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ነጭ ሊቲየም ግራሶ በቱቦው ስንጥቅ በኩል ተቀባ። ቀጭን አድርጎ። በደብረ ብርሃን ብርድ ወፍራም ግራሶ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል።

ጥርሱ አልቆ ቢሆን ኖሮ ከብረት አዲስ እንቆርጥ ነበር። ከ1965 ሞዴል በፊት ለነበሩት ከዚያ ሌላ አማራጭ ብዙ የለም፣ የበሩና የመስታወቱ መጠን ስለሚለይ የኋለኛው ማሽን አይገባላቸውም። ያንተ ዓይነት ግን ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ሲመረት ስለኖረ ዕቃው ፈጽሞ አልጠፋም። ማዘዝ ካስፈለገ ስለ ዘንጉና ስለ እጀታው ዓይነት አስቀድመህ ጠይቅ፣ በየዘመኑ ይለያያል።

አለም ከተማ (ዲኤክስ)

እጀታዬ በጨርቁ ወጣ! አመሰግናለሁ። በሩን ስከፍተው ግን ሌላ ነገር አየሁ። መስታወቱ ከታች ከተቀመጠበት ብረት ለቋል፣ ለዚያ ነው በአንድ በኩል የሚወርደው። በምን ላጣብቀው? ሌላም ጥያቄ አለኝ። የኋላው በር መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፣ አንድ የቤት መስኮት የሚሠራ ልጅ ተራ መስታወት ልቆርጥልሽ ብሎኛል። ይሆናል?

አሮጌ ብረት (ደብረ ሲና)

እህቴ፣ ሁለተኛውን ልቅደም። በፍጹም እንዳታደርጊው። የመኪና የጎን መስታወት በእሳት ጠንክሮ የተሠራ ነው፣ ሲሰበር ወደ ትንንሽ ድቡልቡል ቁርጥራጭ ይበተናል። የቤት መስታወት እንደ ቢላዋ እየተሰነጠቀ ነው የሚሰበረው፣ በሩን ጠበቅ አድርገሽ ስትዘጊው እንኳን ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ወንበር ላይ ደግሞ ልጆች ናቸው የሚቀመጡት። ለዲኤክስ ከፈረሰ መኪና የወጣ ትክክለኛ መስታወት ማግኘት ከባድ አይደለም። እስኪገኝ በወፍራም ላስቲክ ሸፍኚው።

አንደኛው ቀላል ነው። መስታወቱ ብረቱ ውስጥ የተቀመጠው በጎማ ታጅሎ ነው። አሮጌውን ጎማ አውጪ፣ ብረቱን ከዝገት አጽጂ፣ አዲስ ቀጭን ጎማ መስታወቱ ጠርዝ ላይ አድርጊ፣ በሳሙና ውሃ አርጥቢው፣ ከዚያ ብረቱን በጎማ መዶሻ ወይም በእንጨት ቀስ አድርገሽ አስገቢ። ብረቱ መስታወቱ ላይ የት እንደነበር ምልክቱ ይታያል፣ እዚያው ይመለስ። ትንሽ ወደ ጎን ከሄደ መስታወቱ ተጣሞ ነው የሚወጣው። ማጣበቂያ ከፈለግሽ የፊት መስታወት የሚለጠፍበትን ዓይነት ተጠቀሚ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ግን አትግዢ፣ ብረት ያዝጋል።

ቶርኖ ቤት (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ በሩ ተከፍቶ እያለ መቀሱንም እዪው። ቶዮታው ላይ ጥርሱ በብዛት የሚያልቀው መሀል አካባቢ ነው፣ ሰው መስታወት ግማሽ ድረስ ከፍቶ ስለሚሄድ። ያለቀውን ቦታ በነሐስ ብየዳ ሞልቶ በሞረድ ማውጣት ይቻላል፣ ብዙ ሠርተናል። የክንዱ ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ከተሰበሩም ከናይለን ዘንግ እንቆርጣለን። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። እዚያ መቀስ ላይ የተጠቀለለ ጠንካራ ሞላ አለ፣ የመስታወቱን ክብደት የሚያግዘው እሱ ነው። ክንዱን ከጥርሱ ከማላቀቅሽ በፊት በሞርሳ ወይም በብሎን እሰሩት። ካልታሰረ በድንገት ይፈተልክና ጣት ይቆርጣል። ይሄን ቤት ውስጥ አትሞክሩት፣ ወደ ሠራተኛ ውሰዱት።

ላዳ (ሸኖ)

ውይይቱን ከታች ሆኜ ስከታተል ነበር። የላዳውስ? የእኔ በሽቦ ነው የሚሠራው፣ ሽቦው ላልቶ እጀታው ብዙ በከንቱ ይዞራል።

አሮጌ ብረት (ደብረ ሲና)

እንደ ላዳው ቀላል የለም። መሠረቱ የ1966ቱ ፊያት 124 ነው። ሽቦው ከበሮ ላይ ተጠቅልሎ በሩ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ፑሊዎች ዙሪያ ይዞራል። ከታች ያለችው ፑሊ የተያዘችበት ቀዳዳ ሞላላ ነው። ብሎኗን ላላ አድርግ፣ ፑሊዋን ሽቦው እስኪወጠር ግፋት፣ አጥብቅ። በቃ። ሽቦው ጫፉ ተበጣጥሶ እሾህ ካወጣ ግን ወጥረህ አትለፈው፣ ይቀየር። ስትቀይር ሽቦው ከከበሮው ተፈትቶ እንዳይበተን አስረህ ያዘው። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አድርገው የሚሠሩ አይቻለሁ፣ ቀጭን ነው፣ አይመከርም።

የአባቴ ቮልስ (ደብረ ብርሃን)

ፌልቱ ተለጥፏል፣ ማሽኑም በሩ ውስጥ ገብቷል። ልገጣጥም ነው። ብሎኖቹን የማጥበቅ ቅደም ተከተል አለው? ታፒሴሪው ሥር የነበረው ላስቲክ ደግሞ ተበጣጥሷል፣ ሳልመልሰው ብተወውስ?

አሮጌ ብረት (ደብረ ሲና)

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሁሉንም ብሎኖች በጣት ብቻ ያዛቸው። መስታወቱን አስገባ፣ ከማሽኑ ጋር አያይዘው፣ እሱንም ሳታጠብቅ። ከዚያ ቀስ ብለህ እስከ ላይ አውጣው። ላዩ ላይ ሲደርስ መስታወቱ ራሱ ፍሬሙ ውስጥ ቦታውን ይይዛል። እዚያ ላይ እንዳለ የማሽኑን ብሎኖች አጥብቅ። ቀጥሎ ግማሽ ድረስ አውርደውና መስታወቱን የያዙትን ሁለቱን አጥብቅ። ከታች አድርገህ ካጠበቅከው መስታወቱ ወደ ላይ ሲሄድ ቦዩን ይታገላል፣ ያ ሁሉ ልፋትህ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በእርሳስ ያሰመርከው ምልክት መነሻ ብቻ ነው፣ አዲስ ፌልት ስላስገባህ ቦታው ትንሽ ይለወጣል።

ላስቲኩን እንዳትተው። በመስታወቱ ጎን የሚገባው ውሃ በዚያ ላስቲክ ላይ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ከሌለ ታፒሴሪው ውሃ ይጠጣል፣ ፋይዚቱ ያብጣል፣ ክሊፖቹ ይለቃሉ፣ ምንጣፉም ይርሳል። ወፍራም ላስቲክ ግዛና በበሩ ልክ ቁረጥ። የታችኛውን ጫፍ ግን በሩ ውስጥ አስገባው፣ ውጭ እንዳይቀር፣ ውሃው ወደ ሆዱ ገብቶ በቀዳዳዎቹ እንዲወጣ።

መንዝ መንገድ

እኔም ግራሶውን አጥቤ አወጣሁት። የወጣው ጥቁር ጭቃ ይገርማል። መስታወቱ ላይ የተባለው ጭረት አለ፣ ግን ገና ጥልቅ አይደለም። አሁን በሻማ ነው የሚሄደው። አመሰግናለሁ ጋሼ።

የአባቴ ቮልስ (ደብረ ብርሃን)

ሁለቱም በሮች ተገጥመዋል! የሾፌሩ በአንድ እጅ ይወጣል ይወርዳል፣ ዛሬ ጠዋት ውርጭ እያለ ሞከርኩት፣ ምንም አላለም። የተሳፋሪውም ይይዛል። እናቴ ገብታ ቁጭ ብላ ከፍታ ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው።

አንድ ነገር ቀረኝ። እጀታውን የት አቅጣጫ ነው የምገጥመው? አሁን ሲዘጋ ወደ ጉልበቴ ዞሮ ይነካኛል።

ቶርኖ ቤት (ደብረ ብርሃን)

ፒኑን አውጣና እጀታውን ዘንጉ ላይ አንሥተህ አዙረው። መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እያለ ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ታች ያሳይ። የሁለቱም በር አንድ ዓይነት ይሁን። ፒኑን አሮጌውን አትመልስ፣ ከላላ መንገድ ላይ ይወጣል። ና አዲስ እቆርጥልሃለሁ።

የአባቴ ቮልስ (ደብረ ብርሃን)

ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ሁለት ፒን ቁረጥልኝ፣ የተሳፋሪውንም አብረን እንቀይረው። የፊቷ ትንሿ ሦስት ማዕዘን መስታወት ጎሚኒም ደርቋል፣ ውሃ ታስገባለች፤ ለእሷ ከሮቢት መልስ ሌላ ጥያቄ ይዤ እመጣለሁ።